ድመቷ የተኛችበት

ታርቱ። የበረዶው ወር።
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መሽቶ፣ የመንገዱ መብራት ሲበራ፣
ተፋጥጫለሁ እኔም ከሄልዱር የእጅ ጽሑፍ ጋራ።
ሙያዬ ይኸው ነው፣ አልለመድኩም ሌላ፤
ስለካ መዋል፣ ሳሰላ፤
ድምፅን ለዓይን መደርደር፣
አምስት መስመር ዘርግቶ፣ ዘንግ ገትሮ ቤት መክፈል፣
ኖታን በየቤቱ ማሳደር።

መምህሬ ኦስቫልድ፣ በእርሳስ ሰሌዳ ላይ ኖታ እየቀጠቀጠ
በመዶሻ ያረጀ፣ ዓለሙን እንደ መስተዋት ግራ ቀኙን የገለበጠ፣
ይለኝ ነበር፦
«እጥፍ ዕድሜ ላለው እጥፍ ቦታ አትስጪ፤
ወረቀቱን እንደ ውሃ አትርጪ።
ሙሉ ኖታ፣ ያ ሆደ ባዶ እንቁላል፣
ሩቡን በዕድሜ አራት እጅ ይበልጣል፤
በወርድ ግን ሁለት እጅ ባይሞላ ምን ይጎድልበታል?
ዓይን ጆሮ አይደለም ልጄ፤ ትንሽ ካልዋሸሽው ይታክታል።»

ሄልዱር ግን ውሸት የማይወድ ሰው ነበር። ከሞተ ሁለት ዓመቱ።
ትእዛዙ በቀይ እርሳስ አለ፣ ከፊተኛው ገጽ አናቱ፦
«አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር። አይጥበብ፣ አይስፋ።
ጊዜ እኩል ይሰፈር፤ ለዓይን ብሎ ማንም አይግፋ።»

ለኮምፒውተሬ ይህ ምንም አይደል፤ አንዲት ሳጥን ላይ ምልክት ማኖር።
ገጹ ወዲያው ተንፈራጠጠ፤
ረጅሙ ኖታ እንደ ጀልባ ሐይቅ መሃል ብቻውን ሲቀር፣
አሥራ ስድስተኞቹ እንደ ጉንዳን ተረጋገጡ፣
ጭራቸውን አቆላልፈው መተንፈሻ አጡ።
ሚዛኑ ልክ ነው፤ መልኩ ግን ያስፈራል።
ይሁን። የሙት ቃል ይከበራል።

ሰባተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን፣ አንድ ክፍት ቦታ አለ፣
በሁለት ኖታ መሃል፣ መዳፍ የሚያህል፤ ምንም ያልተባለ።
የዕረፍት ምልክት አልተጻፈም፣ ነጥብም፣ ቅስትም የለበት፤
ምቱን ደመርኩ፣ ደገምኩ፤ ሙሉ ነው ቤቱ፣ አልጎደለበት።
ኮምፒውተሩ አላመነታም።
ዕድሜ የሌለው ነገር ወርድ የለውም ብሎ፣
ሁለቱን ኖታ አገናኘ፣ ክፍቱን እንደ ስፌት ጠቅልሎ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።
በሰከንድ የሚሰፍር ሰው፣ ያለ ነገር መዳፍ ሙሉ ይተዋል?
ስም ያልወጣለት ዝምታ ቢሆንስ? ማን ያውቃል?

በማግስቱ አውቶቡስ ይዤ ቮሩ ወረድኩ፣ እህቱ ሌይዳ ዘንድ።
የኪያር ማሰሮዋን ገፋ አድርጋ፣ መነጽሯን ካፍንጫዋ ጫፍ አሳርፋ፣
አየችው። ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ ተንሰፍስፋ።
«ይሄማ ሚሱ ናት! ድመታችን።
ብርዱ ሲጠና ወረቀቱ ላይ ትተኛ ነበር፣ ከመብራቱ ሥር፤
አምስት ደቂቃ ላረፈደ ተማሪ በሩን የሚዘጋው ወንድሜ፣
እሷን አይነካም። እስከ ጭራዋ ይጽፋል፣
ከጀርባዋ ወዲያ ይቀጥላል።
ማስነጠስ ሲመጣበት እንኳ ኮሪደር ይወጣል።»

ስመለስ በአውቶቡሱ መስኮት የጥድ ዛፍ አየሁ፣
አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ፣ ማንም ሳይለካው የቆመ።
ቤት ገብቼ ያችን ኖታ ያዝኳት፤ በእጄ ወደ ቀኝ ጎተትኳት።
ስክሪኑ ቀላ፤ ስህተት ነው አለኝ። ነው። ተውኳት።
አራት ሴንቲ ሜትር። በሄልዱር ሕግ ሁለት ሰከንድ።
ለድመት እንቅልፍ ምን አላት?

ቪሉ ቼሎውን አቅፎ ለልምምድ መጣ፤
ሰባተኛው ገጽ ላይ ደረሰና ቀስቱን ከአውታሩ አነሣ።
«ይህ ክፍት ምንድን ነው? እዚህ ጋ ምን ላድርግ?» አለ።
«ቀስ ብለህ እለፍ» አልኩት። «የተኛ አለ።»